የቬሎ ቤት ቱቱ፦ የባሌ ልብስና መድረክ በፒያሳና በመርካቶ ማሠራት

አዲስ አበባ መሀል የባሌ ዳንስ ትርዒት የሚያዘጋጅ ሰው ልብስ ፍለጋ ሲወጣ እግሩ ቀድሞ የሚያደርሰው ቬሎ ቤት ነው። ቦታው ትክክል ነው። ቱል የሚባለውን መረብ ጨርቅ ሳይቀድ የሚቆርጥ፣ ዶቃ በመስመር የሚተክል፣ ሳቲን ሳይጨማደድ የሚሰፋ ሰው በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው፤ ከፒያሳ እስከ ቸርችል ጎዳና ባሉት ቤቶች የእጅ ሥራው አያሳፍርም። ነገር ግን ሙሽራ ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ ቬሎዋን ሚዜ ይዞላት ቀስ ብላ ትራመዳለች። ባሌሪና ትዘላለች፤ እጇን ከጆሮዋ በላይ ታነሳለች፤ ወገቧን ተይዛ ከሰው ትከሻ በላይ ትወጣለች፤ በላብ ትርሳለች፤ በማግስቱ ያንኑ ልብስ መልሳ ትለብሳለች። ከቬሎ ቤት የወጣ ቱቱ፣ ባሌሪና የምትለብሰው ባለቱል ጉርድ ልብስ፣ ሲበላሽ ሰፊው ሙያ ጎድሎት አይደለም፤ ቆማ ለምትታይ ሴት ስለሰፋው ነው። አዛዡ ልዩነቱን አስቀድሞ ካልነገረው ደግሞ ከየት ያውቀዋል?

ግምገማው የአንድ ቤት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ቤቶች ቦታ ቀይረዋል፤ ዛሬ የተጠቆመ ሱቅ ነገ ሌላ ሰፈር ሊገኝ ይችላል። የምንመዝነው ሥራውን ነው፦ ቬሎ ቤቱን፣ የሙሉ ልብስ ሰፊውን፣ የመርካቶን ጨርቅ፣ አናጢውን፣ በያጁንና ባነር አታሚውን።

ከደረቱ እንጀምር። ለቬሎ ቤት ደረት ማለት ኮርሴት ነው፦ የፕላስቲክ ዘንግ የገባበት፣ ከኋላ በዚፕ ወይም በገመድ የሚታሰር፣ ትከሻ የሌለው። መስታወት ፊት ያምራል። ዳንሰኛዋ ሁለት እጇን ስታነሳ ግን ጠቅላላው ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ጥልቅ ትንፋሽ ስትስብ ደግሞ ጎድኗ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። የባሌ ደረት ከብዙ ቁራጭ ነው የሚገጣጠመው፤ 10 ወይም 12 ቁራጭ ቢሆን ጥሩ ነው። የፊቱና የጀርባው መሀል በድሩ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ከብብት ስር ያሉት ጎኖች በሰያፍ። ቀጥ ያለው ቅርጹን ይይዛል፣ ሰያፉ ከትንፋሹ ጋር ይለጠጣል። ገላ የሚነካው ገበር ጥጥ ይሁን፤ ቀጭን ካኪ ወይም ታጥቦ የተተኮሰ አቡጀዲ። ቬሎ ቤቶች የለመዱት የፖሊስተር ገበር ላብ ስለማይጠጣ ሁለተኛው ገቢር ላይ ልብሱ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ብብት ስር ያለውን ቆዳም ይልጣል።

ልኬት ሲወስዱ ደረት፣ ወገብና ዳሌ ለክተው ይጨርሳሉ። ለባሌ አይበቃም። ከትከሻ ተነስቶ በፊት በኩል ወርዶ፣ በእግር መሀል አልፎ፣ በጀርባ ተመልሶ እዚያው ትከሻ ላይ የሚዘጋው ዙሪያ የግድ ያስፈልጋል። እሱ ልኬት ሁለት ሳንቲ ቢያንስ ልብሱ ትከሻንና ብሽሽትን ይቆርጣል፤ ሁለት ሳንቲ ቢበዛ ወገቡ ላይ ይከመራል። ከጡት ስር ያለው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ይለካ፤ አንዴ ትንፋሽ ወጥቶ፣ አንዴ ሳንባ ሞልቶ። የጭን ዙሪያ፣ ከወገብ እስከ ዳሌ አጥንት ያለው ቁመት፣ ከአንገት ስር እስከ ወገብ ያለው የጀርባ ቁመትም ይጨመር። ሰፊው «ይህ ሁሉ ለምኑ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱን ዳንሰኛዋ አንዴ ጎንበስ ቀና ብላ ብታሳየው ከማብራሪያ ይሻላል።

የመጀመሪያው ሙከራ በአቡጀዲ ይሁን፣ ዋናው ጨርቅ ሳይነካ። በሙከራው ላይ ዳንሰኛዋ ዝም ብላ አትቁም። እጆቿን ከራሷ በላይ ትዝጋ፣ ወደ ኋላ ትለመጥ፣ ጉልበቷን አጥፋ እስከታች ትውረድ፣ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ታንሳ፤ ከወንድ ጋር የምትደንስ ከሆነች እሱም ይምጣና ወገቧን ይያዝ። ሰፊው እርሳስ ይዞ የሳበውን ቦታ ያመልክት። ሦስት ሙከራ እንደሚኖር ዋጋ ሲነገር ነው መስማማት የሚያስፈልገው፤ ብዙ ቤት አንድ ሙከራ አስቦ ነው ዋጋ የሚጠራው፣ ኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚያ ነው።

መዝጊያው ላይ አጥብቃችሁ ተከራከሩ። ዚፕ እንቢ በሉ። አንዲት ጥርስ ስትዘል ዳንሰኛዋ መጋረጃ ጀርባ ቆማ የሚጠግናት የለም፤ መንጠቆ ቢበጠስ ግን መርፌ የያዘ ሰው በአንድ ደቂቃ ይተክለዋል፣ ባይተክለውም የቀሩት ይይዛሉ። በየ2 ሳንቲው አንድ መንጠቆ፣ አቅጣጫቸው አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ እየተፈራረቀ፤ እንዲህ ሲሆን ጀርባ ሲለመጥ ሁሉም ባንድነት አይፈቱም። የመንጠቆው መቀበያ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ይሰፋ፣ በረድፎቹ መካከል 2.5 ሳንቲ ርቀት ኖሮ፤ ያኔ አንዱ ልብስ ለሁለት ዳንሰኞች ይሆናል። የገመድ ማሰሪያው ለሙሽራ ያምራል፤ መድረክ ላይ ይላላል፣ ጫፉም የሚያነሳት ሰው ጣት ውስጥ ይገባል።

የስፌት ትርፍ የሚባለውም አለ። በልክ ብቻ የሚሰፋ ቤት ጎኑ ቀጠን ብሎ እንዲታይ ትርፉን ወደ 1 ሳንቲ ይቆርጠዋል። ቬሎ የሚያከራይ ቤት ግን ያው ልብስ ለብዙ ሙሽራ ጠቦና ሰፍቶ እንዲሆን መተው ለምዷል። ለባሌ የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ጎኑና የጀርባው መሀል ላይ 2.5 ሳንቲ የሚተው እጅ። ሁለት ቤት አወዳድራችሁ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ አከራዩን ያዙ።

ጌጡን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ወገብ ዙሪያ፣ የወንዱ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዶቃም ጨሌም አይተከል። እጁን ይቧጥጠዋል፣ ሲያሽከረክራት ክሩ ይያዛል፣ የተበጠሰ ዶቃ ደግሞ ወለል ላይ ወድቆ የሌላዋን ጫማ ይጠብቃል። ዶቃ ደረት ላይ ይብዛ፣ አንዱ አንዱ በቋጠሮ ይታሰር፤ በአንድ ረጅም ክር ከተሰካ አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ይረግፋል።

«የገላ ቀለም» ተብሎ የሚሸጠው ላስቲክና መረብ ሐመር ሮዝ ነው፤ በጠይም ገላ ላይ ከሩቅ እንደ ፋሻ ይታያል። ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው፤ የተደበቀ መሆን የሚገባው የትከሻ ማሰሪያ የመድረኩ ዋና ነገር ይሆናል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ናይሎን የሻይና የቡና ቀለም በደንብ ይይዛል። የፈላ ጥቁር ሻይ ወይም ቡና ውስጥ ቁራጩን ነክራችሁ በየ5 ደቂቃው እያወጣችሁ፣ አጥባችሁ፣ ደርቆ ሲታይ ከዳንሰኛዋ ትከሻ ጋር አስተያዩ፤ እርጥብ ሳለ ከደረቀው ይጠቁራልና አትቸኩሉ። ለእያንዳንዷ ዳንሰኛ ለብቻ ይነከር። ጫማውም ያው ነው፤ የለንደኑ ጫማ ሠሪ ፍሪድ ለጠቆረ ገላ የሚሆን የጣት ጫማ (ባሌሪና በጣቷ ጫፍ የምትቆምበትን) ማቅረብ የጀመረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ሮዝ ጫማ ብቻ ካገኛችሁ ከቆዳዋ ጋር የሚገጥም የፊት ፋውንዴሽን በስፖንጅ ቀቡት፤ ቀለሙን ያስተካክላል፣ የሳቲኑንም ብልጭታ ያጠፋል።

አሁን ወደ ቱቱው ጉርድ። እዚህ ላይ ቬሎ ቤት ብቻውን ከተተወ ከአምስት ሁለት እንሰጠዋለን።

ስህተቱ ከቱሉ ይጀምራል። የቬሎ ቱል ለስላሳ ነው፣ እንዲፈስ ተብሎ የተሠራ። ከዳሌ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የሚዘረጋው ጠፍጣፋው ቱቱ የሚፈልገው ቀዳዳው ሰፋ ያለውን ጠንካራውን ቱል ነው፣ ቬሎ ውስጥ ገብቶ ጉርዱን የሚነፋውን። መርካቶ ላይ በጥቅል ይገኛል፤ ሻጩ ግን ሁሉንም «ጠንካራ ነው» ይላችኋል። 30 ሳንቲ ቁራጭ ጠይቁና ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ቀሪውን ወደ ውጭ ልቀቁት። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ከቆየ ይሆናል፤ እንደ መሐረብ ከወደቀ ሮማንቲክ ለሚባለው ረጅም ጉርድ አቆዩት። ከዚያ በእጃችሁ ጨብጣችሁ አሹትና ድገሙት፤ አንዳንዱ ጥንካሬው ከስታርች ስለሆነ በላብና በክረምት እርጥበት ሁለት ልምምድ ሳይሞላው ይለሰልሳል።

መጠኑ እንዲህ ነው። 10 ድርብ ላለው ቱቱ የላይኛው ድርብ ስፋት 36 ሳንቲ ይሁን፤ ከዚያ 33፣ 30፣ 27፣ 23፣ 19፣ 15፣ 11፣ 7 እያለ ጭኑ ጋ ያለው 4 ሳንቲ ላይ ያልቃል። ሳይሸነሸን የላይኞቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 6.5 ሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋሉ፣ የታችኞቹ ከ2 እስከ 3 ሜትር። ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ ቱል ከተገኘ ለአንድ ቱቱ ከ8 እስከ 10 ሜትር ይበቃል። የታችኞቹን ሦስት ድርቦች በለስላሳው ቱል አሠሯቸው፤ ጠንካራው ጭን ይፍቃል። ጫፉ አይቀምቀም፤ በዚግዛግ መቀስ ተቆርጦ ይተው። ቅምቅማት ክብደት ነው፣ ክብደት ደግሞ ጫፉን ይጥለዋል።

ድርቦቹ የሚሰፉት ሙታንታ ላይ ነው፣ ከጭኑ ከአጭሩ ተጀምሮ ወደ ላይ። ወገብ ላይ ምንም አይሰፋም። ከወገብ እስከ ዳሌ 8 ወይም 10 ሳንቲ የሚወርድ፣ ገላ ላይ የሚያርፍ ጠባብ ክፍል አለ፣ ባስክ ይባላል፤ የላይኛው ድርብ የሚነሳው ከዚህ ክፍል ስር ነው። ቬሎ ቤቶች ጉርዱን በቀጥታ ከኮርሴቱ ጋር ወገብ ላይ ይገጥሙታል፣ ቬሎ እንዲያ ነውና። ውጤቱ ሁሌም አንድ ነው፦ እጅ ሲነሳ ጉርዱ አብሮ ይነሳል፣ ሲወርድ ተንጋዶ ይቀራል፣ ዳንሰኛዋም አጭር ወገብ ያላት ትመስላለች። ደረቱንና ባስኩን ለየብቻ አሰፍታችሁ በላላ የእጅ ስፌት ማያያዝ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ለማጠብም ይፈታል።

ከላይ አራተኛው ወይም አምስተኛው ድርብ ውስጥ ሽቦ ይገባል። ቀጭን የስፕሪንግ ብረት መሆን አለበት፤ ተጣጥፎ ሲለቀቅ ተመልሶ ክብ የሚሆን። የኤሌክትሪክ ሽቦ የታጠፈበት ይቀራል። ቬሎ ቤት ያለው የፕላስቲክ ዘንግ ደግሞ ይከብዳል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይጠማዘዛል። ሁለቱ ጫፎች 5 ሳንቲ ያህል ተደራርበው በቱቦ ወይም በጠንካራ ቴፕ ይታሸጉ፤ ያልታሸገ ጫፍ ጨርቁን ቀዶ የሚያነሳትን ሰው ክንድ ይወጋል።

ከሁሉ የሚረሳው መጨረሻው ነው። ድርቦቹ እርስ በርሳቸው በላላ የእጅ ስፌት ይያያዛሉ፤ እያንዳንዱ ስፌት 1 ወይም 1.5 ሳንቲ ላላ ብሎ፣ ከላይኛው ወደ ታችኛው እየወረደ፣ ዙሪያውን ሁሉ። ሰዓታት ይወስዳል፣ በስፌት መኪናም አይሠራም። ቬሎ ቤት የማይሠራው ስንፍና ይዞት አይደለም፣ ቬሎ ይህን ስለማይፈልግ ነው። ያልተያያዘ ቱቱ በመጀመሪያው ሽክርክሪት ድርቦቹ ይለያያሉ፣ አንዳንዱም ተገልብጦ ይቀራል። ዋጋ ስትነጋገሩ ይህን ሥራ በስሙ ጠርታችሁ አስገቡት።

ሮማንቲኩ ረጅም ጉርድ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ቬሎ ቤቶች ከአምስት አራት ተኩል ያገኛሉ፤ ለስላሳ ቱል፣ 4 እስከ 6 ድርብ፣ የባት መሀል የሚደርስ፣ ሽንሽኑ እኩል የተከፋፈለ። ይህ ቅርጽ ባሌሪናዋ ማሪ ታሊዮኒ በ1832 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ከለበሰችው ወዲህ ብዙ አልተለወጠም፤ ከቬሎ ጋርም ዝምድናው ቅርብ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የቡድን ዳንሰኞች ጉርድ ከወገብ አይለካ። እያንዳንዷ ጫማዋን አድርጋ ትቁምና ከወለል ወደ ላይ ይለካ፣ ለሁሉም አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ 30 ሳንቲ። ቁመታቸው ቢለያይም ጫፉ መድረኩ ላይ አንድ መስመር ይሠራል። ከወገብ ከተለካ መስመሩ እንደ ተራራ ይወጣል ይወርዳል።

ቱል ከእሳት ጋር አይተዋወቅ። የፓሪስ ኦፔራዋ ባሌሪና ኤማ ሊቭሪ በ1862 እ.ኤ.አ. በልምምድ ላይ ጉርዷ ከጋዝ መብራት ተያይዞ በቀጣዩ ዓመት ሞታለች፤ እሳት የሚከላከለው ኬሚካል ጨርቁን ያደርቃል፣ መልኩን ያበላሻል ብላ እምቢ ብላ ነበር። የዛሬው ናይሎን ይቀልጥና ገላ ላይ ይጣበቃል። ሻማ የያዘ ትዕይንት ካላችሁ ሻማው የባትሪ ይሁን፤ በዚህ ነገር ድርድር የለም።

የወንዶቹን ጃኬት ለሙሉ ልብስ ሰፊ ስጡ። ትከሻና አንገት ላይ ከቬሎ ቤት የተሻለ እጅ አላቸው። ችግሩ ብብቱ ነው፤ የኮት ብብት ዝቅ ብሎ ስለሚቆረጥ እጅ ሲነሳ ኮቱ በሙሉ ይነሳል። ብብቱ ከፍ ብሎ እስከ ሰውነቱ ይጠጋ፣ ከስሩም ጎኑ 10 ሳንቲ የሆነ ባለአራት ማዕዘን የሚለጠጥ ጨርቅ በሰያፍ ይግባ። የጃኬቱ ታች ከውስጥ በላስቲክ ከሱሪው ጋር ይያያዝ። የሚለጠጥ ጨርቅ በተራ መርፌ ሲሰፋ ስፌት ይዘላል፤ ጫፉ ክብ የሆነ መርፌና ፖሊስተር ክር ጠይቁ፣ ስፌቱም ዚግዛግ ይሁን። ቀጥ ያለ ስፌት በመጀመሪያው ዝላይ ይበጠሳል።

የሀገር ባህል ልብስን ወደ ባሌ ማምጣት ለምንፈልግ ሸማ ተራ ብዙ ይሰጣል። ፈትል ላብ ይጠጣል፣ ከጎን በሚመጣ መብራት ድሩና ማጉ ሕይወት ይዘራበታል፤ ማንኛውም የውጭ ጨርቅ ይህን አይሰጥም። ነገር ግን ስስ ነው፤ ከኋላ መብራት ካለ የውስጡ ሁሉ ይታያል። ነጠላ በሁለት ድርብ፣ ጋቢ በአራት እንደሚሠራ አስቡና ጉርዱን በሁለት ድርብ ቁረጡት። ሳይቆረጥ ይታጠብ፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ሸማ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለልጅ ነው የሚሆነው። ጥለቱ በሚያብረቀርቅ ክር ከተሠራ ብብትና አንገት አካባቢ አይድረስ፣ ይፍቃል። ጥለቱን ጫፉ ላይ ማድረግ የተለመደ ነው፣ ለፈጣን እንቅስቃሴ ግን ጫፉን ያከብደዋል፤ ከጉልበት ከፍ ብሎ ቢተከል ጉርዱ ሲሽከረከር ይበልጥ ይታያል። እስክስታ የገባበት ትርዒት ከሆነ ደግሞ ትከሻው ላይ ምንም ስፌት አይከማች፤ ትከሻው ራሱ ነው የሚታየው።

ነጭ ጨርቅ ለቡድን ሲገዛ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጥቅል ይገዛ፣ 10 በመቶ ትርፍ ተጨምሮ። ሱቅ ውስጥ አንድ የሚመስሉ ሁለት ነጮች መድረክ ላይ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ይሄዳሉ። ሁለተኛ ቀን ተመልሶ «ያንኑ ስጡኝ» ማለት አያስተማምንም።

መድረኩ ላይ የከተማችን ባለሙያ ከልብሱ ይልቅ ያኮራል። አናጢውና በያጁ ሥዕል ሲሰጣቸው በልክ ይሠራሉ፣ ፈጣን ናቸው፣ ምን አለሽ ተራ ደግሞ ሌላ ከተማ የማይገኝ ሀብት ነው፤ ያገለገለ ቱቦላሬ፣ ማጠፊያ፣ ብሎን፣ ጎማ፣ ሁሉም በርካሽ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ባሌ ባዶ ወለል የሚፈልግ ጥበብ መሆኑን በማስረዳት ላይ ነው። ዕቃ ከኋላና ከጎን ይቁም፤ መሀሉ ለቡድን ዳንስ ቢያንስ 8 በ10 ሜትር ይተው። የባሌ መብራት በአብዛኛው ከጎን ስለሚመጣ ከጎን የቆመ ዓምድ ወይም ዛፍ ጥላውን ዳንሰኛዋ ላይ ይጥላል። በጎን መጋረጃዎች መካከል 2 ሜትር ክፍተት ይኑር፤ እየዘለለ የሚወጣ ሰው መጋረጃው ጀርባ ሁለት እርምጃ መቆሚያ ካላገኘ ግድግዳ ነው የሚያቆመው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር፣ የትኛውንም አዳራሽ ብትይዙ እንጨት ሳይገዛ የመድረኩን አፍ ወርድና ከፍታ፣ የጎኑን ጥልቀት፣ ዕቃ የሚገባበትን በር ለኩ። በበሩ የማይገባ ዲኮር ሠርቶ በመጋዝ መቁረጥ በየጊዜው የሚታይ ጥፋት ነው።

የኋላውን ሥዕል በባነር ላሳትም የሚል ፈተና አለ። ባነር አታሚዎቹ በአንድ ቀን ያደርሳሉ፣ ዋጋውም ይማርካል። ለባሌ ከአምስት አንድ እንሰጠዋለን። ፕላስቲኩ የጎን መብራት ሲያገኘው ያብረቀርቃል፣ ታጥፎ የመጣበት መስመር አይለቅም፣ ከፊቱ የቆመች ነጭ ቱቱ ደግሞ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመች ትመስላለች። በአቡጀዲ ላይ በእጅ የተቀባ ሥዕል መብራቱን ይጠጣል፣ ርቀት ይፈጥራል። ማስታወቂያ በእጅ ይሥሉ የነበሩ ሠዓሊዎች ትንሹን ንድፍ በካሬ ከፍለው ማሳደግ ያውቁበታል፤ እነሱን ፈልጉ።

10 ሜትር በ6 ሜትር ለሆነ ሥዕል፣ አቡጀዲው 1.5 ሜትር ወርድ ካለው 5 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 10.5 ሜትር፣ በጠቅላላው 53 ሜትር ያህል ይገዛል። ቁራጮቹ አግድም ይሰፉ፤ ክብደቱ ስፌቱን ወደ ታች ስለሚስበው ይጠፋል፣ ቁም የተሰፋ ግን ይጨማደዳል። ጨርቁ ወለል ላይ ተወጥሮ፣ 1 እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በ10 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይቀባ፤ ሲደርቅ ይሸመቅቃል፣ ልክ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ኮላው ከበዛ ሥዕሉ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፤ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን፣ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የዘይት ቀለም ያበራል፣ እሳትም ይወዳል። ክረምት ላይ ኮላው ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፤ ሰኔ ሳይገባ ወይም ከመስቀል በኋላ መቀባት ይመረጣል። ታችኛው ጫፍ ላይ ኪስ ሰፍታችሁ የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ አስገቡበት። ሲቀመጥ ይጠቀለል፣ አይታጠፍ።

ለአቡጀዲው የእሳት መከላከያ በቀላሉ ይዘጋጃል፦ 1 ሊትር ሙቅ ውሃ፣ 70 ግራም ቦራክስ፣ 30 ግራም ቦሪክ አሲድ፤ ከጀርባው በኩል እስኪርስ ይረጫል። ጥጥ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ቱልና ፖሊስተር ላይ ምንም አያደርግም፤ ከታጠበም ይወጣል። ጓንት ይደረግ፣ ገላ በሚነካ ልብስ ላይ አይረጭ። ቁራጩን ደጅ አውጥታችሁ በክብሪት ፈትኑት፤ ክብሪቱ ሲርቅ እሳቱ ራሱ ከጠፋ በቅቷል።

ወለሉ ከሁሉ ይበልጣል። ኮንክሪት ወይም ሴራሚክ ላይ ባሌ አይዘለልም፤ ቁርጭምጭሚትና የቅልጥም አጥንት የሚከፍሉት ዋጋ ነው። ለ8 በ10 ሜትር ወለል 5 በ5 ሳንቲ የሆነ ጠንካራ የስፖንጅ ቁራጭ በየ30 ሳንቲው ይደረደራል፣ 900 ያህል ይሆናል። በላዩ ሁለት ድርብ ባለ12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ የላይኛው መጋጠሚያ የታችኛው መሀል ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ፣ በብሎን ይታሰራል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው ሉህ 54 ይፈልጋል፣ ከብክነቱ ጋር 58 ግዙ። የብሎኑ ራስ ከእንጨቱ በታች ይስመጥ። አናጢው በብሎን ፈንታ ምስማር ልጠቀም ካለ አትስማሙ፤ በዝላይ ንዝረት ምስማር ይወጣል። ለቤት የሚሸጠው የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጸባራቂ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ የማያብረቀርቀውን ምረጡ፣ ከትርዒቱ አንድ ቀን አስቀድማችሁ ዘርጉት፣ መጋጠሚያውን በሰፊ ቴፕ እሸጉ። ያም ሆኖ ከተንሸራተተ በውሃ የቀጠነ ኮካ ኮላ በመወልወያ ማለፍ ዳንሰኞች በየሀገሩ የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ያጣብቃል፣ ሲያልቅ ይታጠባል።

ደረጃ ካለ እርከኑ ከ15 ሳንቲ አይብለጥ፣ መርገጫው 35 ሳንቲ ይሁን። በቱቦላሬ የተበየደ ደረጃ ጠንካራ ነው፣ ግን ይጮሃል፤ እግሮቹ ስር ያረጀ የመኪና ጎማ ቆርጣችሁ ለጥፉ።

መቼ ይታዘዝ? ቬሎ ቤት በጥርና ከፋሲካ ማግስት በሠርግ ይጨናነቃል፤ ያኔ የሚመጣ የባሌ ትዕዛዝ ለተለማማጅ ይሰጣል። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ዋናው ሰፊ እጁ ያርፋል። ቱቱ የምታሠሩ ከሆነ እነዚያን 55 ቀናት ያዙ፤ ለአንድ ቱቱ ከልኬት እስከ መጨረሻው ስፌት ሦስት ሳምንት አስቡ፣ ለስምንት ቱቱ ግን ጠቅላላውን ጾም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ከተተመነ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ ዋጋ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ጨርቁን ራሳችሁ ገዝታችሁ ለሰፊው የእጅ ዋጋ ብቻ መክፈል ይሻላል። ቀብዱ 40 በመቶ፣ ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ 30፣ ቀሪው ዳንሰኛዋ ለብሳ ዘልላ ካየን በኋላ። ይህን የክፍያ ቅደም ተከተል ቬሎ ቤቶች አይወዱትም፣ አስረድታችሁ ካስቀመጣችሁት ግን ይቀበላሉ፤ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ቱቱ እንደ ቬሎ በማንጠልጠያ በትከሻው አይሰቀልም፤ ድርቦቹ በክብደታቸው ይወድቃሉ። ተገልብጦ፣ በሙታንታው መሀል ተይዞ ይሰቀል፣ ወይም ጠፍጣፋ ላይ ይተኛ። ሚኒባስ ውስጥ ሲጓጓዝ በአንድ ላይ ከሦስት በላይ አይደራረብ፣ እያንዳንዱ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ። ከትርዒት በኋላ ገበሩ ላይ 70 በመቶ አልኮል ይረጭና ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ነጭ ናይሎን ቢጫ ይሆናል። ውሃ የሚነካው ደረቱ ብቻ ነው፣ እሱም ከባስኩ ተፈትቶ፣ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ።